የዳንግላ ቁልፎች በእኔ ስልክ

በ2013 ዓ.ም. የሃምሳ ዘጠኝ ዓመት ሰው ነበርኩ። ጡረታዬ ደጃፍ ላይ ቆሞ ነበር። ሰው በዚያ ዕድሜ ሥራ ይቀነስለታል እንጂ አይጨመርበትም፤ እኔ ግን ኢሜይል የሚባል ነገር በሕይወቴ ከፍቼ ሳላውቅ የዳንግላ ቅርንጫፋችን የኢሜይል በር ጠባቂ ሆንኩ።

ስሜ አለልኝ ነው። በገበሬዎች ዩኒየን ውስጥ ተላላኪ ነበርኩ። ደብዳቤ ማድረስ፣ ማህተም ማስመታት፣ የታተመውን መመለስ፣ በቃ። ፊደል የቆጠርኩት በመሠረተ ትምህርት ነው፣ ከዚያ ወዲያ ያስተማረኝ የፖስታ ጀርባ ነው። ጽሑፌ ጎርበጥ ካለ አንባቢ ይታገሠኝ፤ ካልታገሠም ይተወው። የምጽፈው ስለሰለቸኝ ነው። ዳንግላ ባጃጅ ተራ አጠገብ በተቀመጥኩ ቁጥር «ጋሽ አለልኝ፣ ያ ድንች የቀረው በእርስዎ ነው ይባላል፣ እውነት ነው?» የሚለኝ አይጠፋም። አንዴ ልጻፈውና ይለቀኝ።

ሥራ የጀመርኩት እዚሁ ዳንግላ ነው። ያኔ መኪና የሚደርስበት ቀበሌ ጥቂት ስለነበር ደብዳቤ በእግርና በፈረስ ይሄድ ነበር። ያሠለጠነኝ ባሻ ተገኘ ነው፤ ወታደር የነበረ፣ ሣቅ የማያውቅ፣ ጢሙን በጣቱ እየጠቀለለ የሚያስብ ሰው። ደብዳቤውን በላስቲክ፣ ላስቲኩን በጨርቅ ጠቅልሎ ደረቱ ላይ ያስረዋል። ጠረጴዛ ላይ አያስቀምጥም። «ጠረጴዛ እጅ የለውም» ይል ነበር። የተጻፈለትን ሰው ፊት ካላየ አይሰጥም፤ ሚስቱ ብትመጣ አይሰጥም፣ ወንድሙ ቢመጣ አይሰጥም። እስኪያደርስ ድረስ ደግሞ አይቀመጥም። ዝናብ ይምታው፣ እንግዳ ተቀባዩ ይለምነው፣ ባሻ ቆሞ ነው የሚያደርሰው። ሲጨርስ ይቀመጣል፣ ያኔ የቀረበለትን ሁሉ ይበላል።

አንድ ሌላ ልማድ ነበረው። ደብዳቤው ክፉ ነገር እንደያዘ ካወቀ፣ ማታ ቢደርስ እንኳ መንደሩ ዳር ያድርና ጠዋት ይሰጣል። ለምን እንደሆነ ጠይቄው ነበር።

«ማታ ብትሰጠው ሌሊቱን ብቻውን ይታገለዋል። ጠዋት ብትሰጠው ቀኑ አለለት፣ ሰው አለለት፣ የሚይዘው ሥራ አለለት» አለኝ።

ፈረስ ሲገራም አይቸኩልም። አዲስ ፈረስ ሲመጣ መጀመሪያ ኮርቻውን ፊቱ ያስቀምጥለታል፤ ያየው፣ ያሸተው እንጂ አይጭንበትም። ከዚያ ጨርቅ ጣል ያደርግበታል። ከዚያ ባዶ ኮርቻ። ከዚያ ቀላል ሰው ያስቀምጥበታል። ገበያ መሃል የሚወስደው መጨረሻ ነው። ይህን የምናገረው ለኋላው ስለሚያስፈልገኝ ነው።

ከዳንግላ አዲስ ቅዳም ተዛወርኩ። እዚያ የነበረው ኃላፊ ደብዳቤ ከማንበብ ይልቅ የከሰል ዋጋ መስማት ይወድ ነበር፤ ያመጣሁለትን ፖስታ በከሰል እጁ ተቀብሎ ማህተሙን ያጠቁረዋል። ከዚያ እንጅባራ፣ ዋናው መሥሪያ ቤት። ብርዱና ጭጋጉ ጉልበቴን ጨረሰኝ። ስለ ደመወዝ አልጽፍም፣ ተላላኪ ምን እንደሚከፈለው ሁሉም ያውቃል። መጨረሻ ላይ ወደ ዳንግላ ተመለስኩ፤ የየክፍሉ ትርፍ ቁልፍም እኔ ወገብ ላይ ሆነ። ያዘዘኝ የለም። ሰዉ ቁልፉን ገበያ ይጥላል፣ ቤት ይረሳል፤ እኔ ቀድሜ እገባለሁ፣ ቆይቼ እወጣለሁ። «ጋሽ አለልኝ ጋ አለ» ማለት የቢሮው ልማድ ሆነ።

ከዚያ ኢሜይል መጣ። ፖስታችን ክላውድ ላይ ነው አሉን፣ ደመና ማለት ነው። «ለእንጅባራ ሰው ደመና ምን ብርቁ ነው» ብዬ ሰዉን አሳቅሁ እንጂ ሥራዬ ያለቀ መስሎኝ ነበር። አላለቀም፤ ማህተም አሁንም በእግር ነው የሚሄደው።

ነገሩ የተበላሸው አንድ ሰው ወደ ሂሳብ ሹማችን ደውሎ የኃላፊውን ድምፅ አስመስሎ የይለፍ ቃሏን ሲቀበላት ነው። በዳንግላ ቅርንጫፍ ስም ለገዥዎቻችን ሁሉ ክፍያውን በሌላ ሂሳብ አስገቡ ብሎ ኢሜይል ጻፈላቸው። ስማችን ጠፋ። ከዚያ ወዲህ ገዥዎች ከእኛ ጋር በቴሌግራምም በስልክም አንዋዋልም፣ ጥበቃ ከተደረገለት የመሥሪያ ቤቱ ኢሜይል ብቻ አሉ። ዩኒየኑም የኢሜይል መጠበቂያ ሶፍትዌር ገዛ፤ የምታስገባልን ማስተዋል የምትባል ባለሙያ ከባሕር ዳር መጣች።

ማስተዋል ቀጭን፣ ድምፅዋ ዝግ ያለ ልጅ ናት፤ ስትናገር ግን ሰው አያቋርጣትም። እንጅባራ አዳራሽ ሰብስባ እንዲህ አለችን።

«አንድ ጊዜ ሁሉም ላይ አልጭነውም። መጀመሪያ ያያል እንጂ አይነካም። የሚገባውን ኢሜይል አይቶ የጠረጠረውን ለእኔ ብቻ ይነግረኛል። እንዲህ ሆኖ ይሰነብታል። ቀጥሎ እንጅባራ ጥቂት ሰዎች ላይ አጠብቀዋለሁ፤ የጠረጠረውን ማቆያ ያስገባል። ያለ ጥፋቱ የታሰረ ካለ እፈታዋለሁ፣ ሁለተኛ እንዳያስረውም አስለምደዋለሁ። ከዚያ አዲስ ቅዳም። ዳንግላ መጨረሻ።»

እጄን አወጣሁ። «ልጄ፣ ይህ ነገር ፈረስ ነው እንዴ?»

አዳራሹ ሳቀ። እሷ አልሳቀችም። «እንዴት አባባ?»

የባሻን የፈረስ አገራር ነገርኳት። «እንደዚያው ነው» አለች። «ከእንግዲህ እኔም እንደዚያ ብዬ ነው የማስረዳው።»

የዳንግላው ኃላፊያችን አቶ ጌታነህ ግን ተነሳ። ጌታነህ ክፉ ሰው አይደለም፤ ለዳንግላ ያደላ ሰው ነው። «ለምን እኛ መጨረሻ?»

«ሽያጩ ሁሉ በእናንተ በኩል ስለሚያልፍ። ስህተት ቢፈጠር ብዙ የሚጎዳው እዚያ ነው።»

«ዳንግላ ገበያ ሲቆም እንጅባራ ጭጋግ ብቻ ነበር! ዛሬ የዞን ከተማ ሆነ ተብሎ ከኋላው ልንሰለፍ ነው?»

የዳንግላ ሰዎች አጨበጨብን። እኔም አጨብጭቤያለሁ፣ የዳንግላ ሰው ነኛ።

ማስተዋል ሌላም ነገር አለች። ወደ ኢሜይል ለመግባት ከይለፍ ቃሉ ሌላ ስልክ ላይ የሚላክ ቁጥር ያስፈልጋል። «ይህን ቁጥር በስልክ ለሚጠይቃችሁ ለማንም አትስጡ። እኔ ማስተዋል ነኝ ብዬ ብደውልም አትስጡኝ» አለች። ይህ ቃሏ ልቤ ውስጥ ገባ። ባሻ ተገኘ ከመቃብር የተነሣ መሰለኝ።

ዳንግላ ተመልሰን ስልክ ቁጥራችሁን አስመዝግቡ ተባለ። የአንዱ ሲም በየጊዜው ይለዋወጣል፣ የአንዱ ስልክ ባትሪ ምሳ ሰዓት አይደርስም። ሽያጭ ክፍል የምትሠራው እትዬ ዘነቡ ነች የጀመረችው።

«ቁልፉ ጋሽ አለልኝ ጋ አይደል? ይህም ቁልፍ ነው። የሳቸውን ስልክ ጻፉት፣ ባትሪው ሳምንት ይቆያል።»

«የእኔንም!» አለ አንዱ።

«የእኔንም እንጂ፣ እኔ ከሳቸው የተሻለ ምን ሰው አለኝ» አለ ጌታነህ ራሱ።

ስድስት ሰው በአንድ ስልክ ተመዘገበ። የእኔ ስልክ ደግሞ ቁልፉን በጣት የሚጫኑት ተራ ስልክ ነው። ደስ አለኝ፤ ለምን እዋሻለሁ? ወገቤ ላይ የነበረው ቁልፍ ኪሴም ገባ አልኩ። ሌላ ቦታ ሰው ሰውን የሚያምነው እንዴት እንደሆነ አላውቅም፤ እኛ ጋ ግን ያመኑት ሰው ላይ ሁሉን መጣል ነው።

ጌታነህ አላረፈም። እንጅባራ እየተመላለሰ ተከራክሮ የዳንግላን ተራ አስቀደመው። ማስተዋል «ገና አይቶ አልጨረሰም፣ ገዥዎቻችሁን አላወቃቸውም» ብላ ነበር፤ ከበላይ «ይሁን» ሲባል ምን ታድርግ። ማክሰኞ ጠዋት ዳንግላ ላይ ማጥበቁ ይጀመራል፣ ከዚያ ወዲያ ያለ ስልኩ ቁጥር ኢሜይል የሚገባ የለም ተባለ። ጌታነህ «ሰምተናል፣ ሰምተናል» አለ። ያን ማክሰኞ ጠዋት ደግሞ እኔን ለማህተም ከእንጅባራ ወዲያ ወዳለው ወደ ዘንገና ቀበሌ ላከኝ። እኔ ከሄድኩ ቁጥሩም ከእኔ ጋር እንደሚሄድ ለማንም አልታየውም። ለእኔም።

ዘንገና አያ ምንይችል አለ፣ የቀበሌው ኅብረት ሥራ ማኅበር ሊቀ መንበር። አብዛኞቹ ጎረቤቶቹ ማሳቸውን ለከሰል በሚሆን ዛፍ ሲሸፍኑት እሱ «የዘር ድንች አመርታለሁ» ብሎ ጥቂቶቹን አስከትሎ የቀረ ሰው ነው። ያሳመነው ዩኒየናችን ነው። ጎረቤት ሲያልፍ «ምንይችል፣ ድንችህ እንደ ከሰል ጠቆረልህ ወይ?» እያለ ይቀልድበታል። በዚያ ግንቦት ከሌላ ክልል አንድ ትልቅ ገዥ የማኅበሩን ዘር በሙሉ ሊወስድ ተስማምቶ ነበር። ድንቹ መደርደሪያ ላይ ተዘርግቶ አቆጥቁጧል፤ ቡቃያው አጭር፣ ወፍራም፣ አረንጓዴ። እንዲህ የሆነ ድንች መሬት ይፈልጋል፣ ቀን አይሰጥም። ዘር ሆኖ ካልተሸጠ ቡቃያው ተነቅሎ፣ ለድስት የሚሆነው ተለቅሞ ገበያ በርካሽ ይወጣል። ያኔ ጎረቤቶቹ ልክ ሆኑ ማለት ነው።

ስደርስ በአገውኛ «ቁጭ በል» አለኝ።

«መጀመሪያ ላድርስ» ብዬ ማኅበሩ በሽያጩ መስማማቱን የሚያረጋግጠውን ወረቀት በእጁ ሰጠሁት። ማህተሙን እፍ እፍ ብሎ መታ። ከዚያ ተቀመጥኩ።

«ዘንድሮ ከተሸጠልኝ አንተ» አለ፣ «እነዚያ ዛፍ ተካዮች ዘር ሊለምኑኝ ነው የሚመጡት።»

«ትሰጣቸዋለህ?»

«እሰጣለሁ። መጀመሪያ ግን ትንሽ አቆማቸዋለሁ።»

እየሳቅን ተለያየን። እዚያ ቁልቁለቱ ውስጥ ኔትወርክ የለም። ወደ ላይ ወጥቼ ገደሉ አፋፍ ስደርስ ኪሴ ውስጥ ስልኬ እንደታመመ ሰው ተንቀጠቀጠ። ቁጥር፣ ቁጥር፣ ቁጥር፣ ሌላ ቁጥር። ገና ሳልቆጥራቸው ጌታነህ ደወለ።

«ጋሽ አለልኝ! የት ጠፉ? ቁጥር መጥቶልዎታል አይደል?»

«ብዙ ነው የመጣው።»

«የመጣውን ይተውት። አሁን አዲስ እናስልካለን፣ ሲገባ ያንብቡልኝ። ገዥው ውሉን በኢሜይል ልኳል። እስከ አሥራ አንድ ሰዓት ፈርመን ካልመለስን ለሌላ አቅራቢ እሰጣለሁ ብሎ ደውሏል። ከጠዋት ጀምሮ በሩ ተዘግቶብናል!»

«በስልክ አልሰጥም።»

«ምን አሉ?»

«በስልክ አልሰጥም። እመጣለሁ።»

«እኔ ነኝ እኮ! ጌታነህ! ድምፄ ጠፋዎት?»

«ድምፅዎ ነው። ፊትዎ ግን የለም። ሂሳብ ሹሟን ያታለላትም ድምፅ ነው።»

«ዘነቡን ላቅርብልዎ? ዘነቡ፣ ነይ ተናገሪ!»

«እሷም በስልክ ናት።»

ነፋሱ ይሰማኛል። «አንተ ሰውዬ፣ ገበሬውን ልትገድለው ነው!» አለኝ ጌታነህ። አንተ ሲለኝ የመጀመሪያው ነበር።

«መጣሁ» ብዬ ዘጋሁ።

እስከ ዛሬ ሰው «አንድ ምልክት ጠይቀህ ለምን አታረጋግጥም ነበር?» ይለኛል። ቆይቶ ሲያስቡት ብዙ ነገር ይመጣል። ያኔ የመጣልኝ ባሻ ተገኘ ነው፣ የመጣልኝም የልጅቱ ቃል ነው። ሁለቱ ተመካክረው አያውቁም፣ ተያይተውም አያውቁም፤ አንድ ነገር ነው የነገሩኝ።

እንጅባራ መናኸሪያ ሚኒባሱ ካልሞላ አልነሳም አለ። ረዳቱን ለመንኩት፣ ተቆጣሁት፣ መጨረሻ ላይ ባዶውን ወንበር ራሴ ከፈልኩ። አዲስ ቅዳም ላይ ደግሞ ጣሪያው ላይ ከሰል ሊጭን ቆመ። እዚያ ነው ማስተዋል የገባችው። አዲስ ቅዳም ስትሠራ መብራትም ኔትወርክም ጠፍቶባት፣ በኋላ ወሬው ደርሷት ወደ ዳንግላ ልትሮጥ ነው። አጠገቤ ተቀመጠች።

«አባባ፣ የዳንግላ ሰዎች ለምን መግባት አቃታቸው? የሁሉም ስልክ እጃቸው ላይ አይደል?»

«ስልኩ ይኸው» አልኳት፣ አውጥቼ።

«ይህ የማን ነው?»

«የእኔ ነው። የሁሉም ቁጥር እዚህ ነው የሚገባው።»

«የሁሉም?»

«የስድስቱም።»

አየችኝ፣ ስልኩን አየች፣ ደግሞ አየችኝ። ከዚያ ግንባሯን የፊት ወንበሩ ላይ አሳረፈችው። ያለቀሰች መስሎኝ ነበር፤ ትከሻዋ የሚንቀጠቀጠው ከሳቅ ነው ወይስ ከሌላ፣ አልለየሁም።

«እኔ ነኝ» አለች ቀና ስትል። «ስድስት ስም፣ አንድ ቁጥር። ዝርዝሩን እያየሁ ቅርንጫፉ የራሱ ስልክ ያለው መስሎኝ አለፍኩት።»

«በስልክ ጠየቁኝ፣ አልሰጠሁም። ይኸው ይዤላቸው እየሄድኩ ነው» አልኳት።

«አባባ፣ እሱ ቁጥር እኮ ሞቷል። ጥቂት ደቂቃ ነው ዕድሜው።»

ይህን አላውቅም ነበር። ደብዳቤ ዝናብ ካልነካው ይቆያል፤ ቀን ቢፈጅብህ የሰጠኸው ሰው እጅ ውስጥ ያው ደብዳቤ ነው። የሞተ ነገር ደረቴ ላይ አስሬ ይህን ሁሉ መንገድ መምጣቴ አናደደኝ።

«ብሰጣቸው ልክ ነበር በይኛ» አልኳት።

«አላልኩም። መስጠት አልነበረብዎትም። ግን ዛሬ ቢሰጧቸው ኖሮ ይገቡ ነበር። ሁለቱም እውነት ነው።» ኮምፒውተሯን ጭኗ ላይ ከፍታ በሩን ከዚያው ልትከፍትላቸው ስትታገል መንገዱን ጨረስነው። ኔትወርኩ ብቅ ይላል፣ ይጠፋል።

ዳንግላ ከመናኸሪያ ጋሪ ይዘን ጋለብን። ስንገባ አሥራ አንድ ሰዓት ሊሆን ትንሽ ቀርቶት ነበር። ዘነቡ ጫነች፣ ስልኬ ጮኸ፣ ቁጥሩን ፊቷን እያየሁ አነበብኩላት። ገባች። ውሉ የለም። ሁሉም ማስተዋልን አዩ። ሶፍትዌሩ ያን ገዥ አያውቀውምና ከነውሉ ማቆያ አስገብቶታል። አወጣችው፣ ታተመ፣ ተፈረመ፣ ተላከ። ጌታነህ ለገዥው ደወለ። የምንሰማው የእሱን ወገን ብቻ ነው፤ «ጥቂት ደቂቃ እኮ ነው ያለፈው ጌታዬ» አለ፣ «እንዴ፣ ከሌላው ጋር ፈረማችሁ?» አለ፣ ከዚያ ስልኩን ቀስ አድርጎ አስቀመጠ።

«ይህ ነገር ዛሬውኑ ይውጣልኝ!» አለ ማስተዋል ላይ ዞሮ።

«አውጪ ካሉኝ አወጣዋለሁ» አለች። «ስልኮቹን አለማየቴ የእኔ ጥፋት ነው፣ በጽሑፍም አምናለሁ። ገዥውን ማሰሩን ግን አይቶ ሳይጨርስ በማጥበቃችን ነው። ከተውልኝ ከመጀመሪያው እጀምረዋለሁ።»

ጌታነህ ወደ እኔ ዞረ። «እርስዎስ? ምን ይላሉ?»

«ነገም በስልክ አልሰጥም።»

«ይሄ ደረቅ ሰውዬ!» አለች ዘነቡ፣ ከዚያ እንባዋ መጣ። ያን ዘር ለመሸጥ ስንት ወር የደከመች እሷ ናት።

ማስተዋል ከዚያው ሳትነሳ እያንዳንዱን በራሱ ስልክ አስመዘገበችው። ስልኩ ቤት የቀረበት ሄዶ አመጣ። እኔም ወገቤን ፈትቼ የየክፍሉን ቁልፍ በየባለቤቱ እጅ ሰጠሁ። አንዱ «ጠረጴዛው ላይ ጣልልኝ» ቢለኝ እጁን እስኪዘረጋ ቆምኩ።

የኋላውን እዚህ ላይ ልናገር። ሶፍትዌሩ ዳንግላ ላይ እንደገና ወደ ማየት ብቻ ተመለሰ፣ ሰነበተ፣ ገዥዎቻችንን አንድ በአንድ ለመደ። ከዚያ ዘነቡ ላይ ብቻ ተሞከረ፣ ከዚያ ሌሎቹ ላይ። ጡረታ ስወጣ ሁሉም ላይ ጠብቆ ነበር፤ ሰውም ረስቶታል፣ የተገራ ነገር እንዲያ ነው። ጌታነህ አንተ ማለቱን አልደገመውም፣ ይቅርታም አላለኝም፤ እኔም አላልኩትም።

ያን ማክሰኞ ግን የቀረ ነገር ነበር። ጌታነህ ስልኩን እንደገና አነሳ። «ለአያ ምንይችል ልንገረው፣ ይለይለት።»

«አይደወልም» አልኩት። «አሁን መሽቷል። ጠዋት እኔ እነግረዋለሁ።»

«በስልክ መንገርም ሊቀር ነው?»

«ይህንንም አልሰጥም በስልክ።»

ስልኩን አስቀመጠ። ማህተም የተመታበት ወረቀት ደረቴ ላይ እንደታሰረ ነበር፤ የሚቀበለኝ ሰው አልነበረም።

በማግስቱ ጠዋት በመጀመሪያው ሚኒባስ ሄድኩ። እንጅባራ ጭጋግ ውጧታል። ዘንገና ቁልቁለቱን ስወርድ አያ ምንይችል ማከማቻው ውስጥ ድንቹን እያገላበጠ ነው። ትናንት መጥቼ ዛሬ መመለሴን ሲያይ እጁ ላይ ያለውን ድንች ያዘው፣ አላስቀመጠውም።

«ቁጭ በል» አለኝ።

«መጀመሪያ ላድርስ» አልኩት፤ ቆሜ፣ ፊቱን እያየሁ ነገርኩት። ቁጥሩ እኔ ጋ እንደነበር፣ እንዳልሰጠሁም ነገርኩት። ወረቀቱን በእጁ መለስኩለት።

ውጭ ጎረቤቱ ከብት እየነዳ ሲያልፍ ሰማነው፤ የዛሬን ስለ ድንቹ አልቀለደም። አያ ምንይችል የያዘውን ድንች አገላብጦ አየውና ለብቻው አስቀመጠው።

«ይህ ለእኔ ዘር ይሆናል» አለ። «መሬት ሞልቶኛል። ያን ቅርጫት አቀብለኝ።»

አቀበልኩት፣ አጠገቡ ተቀመጥኩ፣ ለገበያ የሚወጣውንና ለዘር የሚቀረውን እስኪመሽ አብረን ለየን።